ማስተርሱ ይቆይ

በውጭ ሀገር ትምህርት ቤት ተቀጥሮ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ኑሮው ትንሽ ተደላድሎ ቀና ሲል አንድ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፍለታል፤ «ማስተርስህን ያዝ»። ወንድሙ ከሀገር ቤት ደውሎ ይለዋል። አብሮት የተመረቀው ካናዳ ሆኖ ይለዋል። ከቅዳሴ በኋላ የሚያገኛቸው አባት፣ «ልጄ፣ ጉልበት እያለህ ዲግሪህን ጨምር» ይሉታል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ መምህሩ ይሰማል። ከደመወዙ ቆጥቦ በትምህርት አስተዳደር ወይም በሥርዓተ ትምህርት የኦንላይን ማስተርስ ይመዘገባል፤ ልጆቹ ሲተኙ እየጻፈ፣ ቅዳሜና እሑዱን እየሠዋ ይጨርሳል። ሰኞ ክፍል ሲገባ ግን የሚያስተምረው ከሁለት ዓመት በፊት ያስተምር እንደነበረው ነው። ምክንያቱም በእነዚያ ሁለት ዓመታት ክፍሉ ገብቶ ሲያስተምር ያየው ሰው የለም።

ይህን ምክር እቃወማለሁ። በሥራ ላይ ያለ መምህር ከመጀመሪያ ዲግሪው በኋላ አስቀድሞ መምረጥ ያለበት፣ የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ድረስ መጥቶ ሲያስተምር የሚያየውን፣ ባየው ላይ የሚያርመውን፣ በመጨረሻም የመምህርነት ፈቃድ የሚያስገኝለትን ትምህርት ነው። ማስተርሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚጎዳው የመምህሩ ኪስ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ፊቱ የሚቀመጡት ልጆችም ይጎዳሉ።

ምክሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሀገር ቤት የመምህር ማዕረግ ሲለካ የኖረው በወረቀት መሰላል ነው። ሰርተፍኬት ያለው ከታች ክፍሎች፣ ዲፕሎማ ያለው ከፍ ብሎ፣ ዲግሪ ያለው ሁለተኛ ደረጃ፣ ማስተርስ ያለው ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ። ደመወዙም ክብሩም መሰላሉን ተከትሎ ይወጣል። በዚህ መሰላል ላይ ያደገ የፊዚክስ ምሩቅ በእንግሊዝ አገር አጠራር «የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት» ውሰድ ሲባል ውረድ የተባለ ይመስለዋል። ይሁንና ፒጂሲኢ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ይህ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ 60 የማስተርስ ደረጃ ክሬዲት ይይዛል። የእንግሊዝ ማስተርስ በሙሉ 180 ክሬዲት ነው። እንግዲህ ዝቅ ያለ የመሰለው የማስተርሱ ሲሶ ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ኋላ ማስተርሱን ለሚቀጥል ሰው ይቆጥሩለታል።

የእንግሊዝን መንገድ የማነሣው በባሕረ ሰላጤው፣ በምሥራቅ እስያና በአፍሪካ ከተሞች የእንግሊዝን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ የግል ትምህርት ቤቶች ስለበዙና ከወገኖቻችንም እዚያ የሚያስተምሩ ስላሉ ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ስለሚታዩ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ፒጂሲኢ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ትምህርት ነው። ኪውቲኤስ የሚባለው ደግሞ የእንግሊዝ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የመምህርነት ማረጋገጫ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሚሠለጥን ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለቱን አብሮ ይዞ ይወጣል። በውጭ ሀገር ሆኖ በርቀት የሚማሩት ዓለም አቀፉ ፒጂሲኢ ግን ኪውቲኤስን አያስገኝም። እ.ኤ.አ. በ2022 በሙከራ የተጀመረው አይኪውቲኤስ ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ነው፤ መምህሩ እንግሊዝ ሳይሄድ ባለበት ሀገር ትምህርት ቤት ውስጥ እየተመዘነ ይሠለጥናል፣ ሲጨርስም ለኪውቲኤስ ብቁ ይሆናል። በአሜሪካ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ቨርጂኒያ ለምሳሌ መምህሩ የቀረውን መስፈርት እስኪያሟላ ድረስ ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ጊዜያዊ ፈቃድ ትሰጣለች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጠበቅበትን ካላሟላ ማስተርስ በእጁ መኖሩ አያድነውም።

ክፍል ውስጥ ምን እንደሚታይ ልናገር፤ የክርክሬ ሥር ያለው እዚያ ነው። ብዙዎቻችን ስድሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ተምረን፣ በዚያው ዓይነት ክፍል ማስተማር ጀመርን። በጠመኔ ሰሌዳ እንሞላለን፣ ዘወር ብለን «ገባችሁ?» እንላለን፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፣ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ሃያ ሁለት ተማሪ ያለበት፣ ግድግዳው በሥዕል ያሸበረቀ የውጭ ሀገር ክፍል ስንገባም ያው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሆኖ አብሮን ይገባል። የልጆቹም «አዎ» አብሮ ይመጣል። ያ «አዎ» የሚመሰክረው ስለ ጨዋነታቸው ነው። ስለ ኦም ሕግ ምንም አይነግረንም።

አሁን ከኋላ አንድ ሰው ይቀመጥ። እኔ በዚያ ወንበር ላይ ለብዙ ባልደረቦች ተቀምጫለሁ፤ የምይዘው እርሳስና የተማሪዎቹ አቀማመጥ የተሳለበት አንድ ወረቀት ነው። መምህሩ ጥያቄ በጠየቀ ቁጥር ማንን እንደጠየቀ ምልክት አደርጋለሁ። አርባ ደቂቃው ሲያልቅ ምልክቶቹ ፊት ለፊትና በመስኮቱ በኩል ተከማችተው ይገኛሉ፤ ከኋላ በግራ ያሉት ስድስት ልጆች ወረቀቱ ላይ ባዶ ናቸው። መምህሩ ደግ ሰው ነው፣ ማንንም ሊተው አላሰበም። ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል። ይህን የትኛውም የማስተርስ ጽሑፍ ሊያሳየው አይችልም፤ ስለ አሳታፊ ትምህርት ሃያ ገጽ ጽፎ የላቀ ውጤት ያገኘ ሰው እነዚያን ስድስት ልጆች ላያያቸው ይችላል።

ወይም ዝምታውን እንቁጠር። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ያ ጊዜ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲራዘም የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ። ግኝቱን በቃል የሚያውቅ መምህር ብዙ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ሦስት ሰከንድ ረጅም ነው፤ መምህሩ ይጨነቅና ራሱ ይመልሰዋል። «አሁን አንድ ሰከንድ እንኳን አልቆየህም» የሚለው ሰው ካልኖረ ያነበበው እጁ ላይ አይገባም።

አንድ የፊዚክስ ምሳሌ ልጨምር። ሁለት አምፖሎች በአንድ መስመር ተያይዘዋል። ከመጀመሪያው አምፖል ካለፈ በኋላ ከረንቱ ይቀንሳል ወይስ ያው ነው? ብዙ ልጆች ይቀንሳል ይላሉ፤ አምፖሉ ከረንቱን የሚበላው ይመስላቸዋል። ቀመሩን በትክክል እየሠሩ ይህን የሚያምኑ ልጆች ሞልተዋል፤ ፈተናም ያልፋሉ። ጥሩ አሠልጣኝ ለመምህሩ የሚነግረው እያንዳንዱ ልጅ መልሱን በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ጽፎ ባንድ ጊዜ እንዲያነሣ፣ ግማሹ ክፍል «ይቀንሳል» ብሎ ከጻፈም የተዘጋጀውን ትምህርት ትቶ ወደኋላ እንዲመለስ ነው። የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ያስገነዘቡት ይህንኑ ነበር፤ የትምህርቱን ይዘት ከማወቅ በላይ፣ ተማሪው ያንን ይዘት የት ላይ እንደሚሳሳተውና በምን መንገድ ሊገለጥለት እንደሚችል ማወቅ የመምህሩ የራሱ ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት የሚገኘው ክፍል ውስጥ ከሌላ መምህር ጋር ሆኖ ነው።

ከዚህ በላይ ማስረጃ ለሚፈልግ፣ ተመራማሪዎቹ ማቲው ክራፍት፣ ዴቪድ ብላዛርና ዲላን ሆጋን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ሥራ አለ። መምህራንን ክፍላቸው ድረስ ሄዶ ስለመደገፍ የተሠሩ 60 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ በማስተማር ጥራት ላይ 0.49፣ በተማሪዎች ውጤት ላይ ደግሞ 0.18 የመደበኛ ልይይት ለውጥ አገኙ። በትምህርት ጥናት ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ፕሮግራሙ ሰፍቶ ብዙ መምህራን ሲይዝ ውጤቱ እንደሚቀንስም ራሳቸው ጽፈዋል፤ ይህም የኔን ነጥብ ያጠናክራል፣ ምክንያቱም ሲሰፋ የሚጠፋው ለአንዱ መምህር ጊዜ ሰጥቶ የሚቀመጠው ሰው ነው። በሌላ በኩል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017–18 የትምህርት ዘመን ከመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን 58 በመቶው ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ነበራቸው። የኢኮኖሚ ተመራማሪው የኤሪክ ሀኑሼክ ዳሰሳዎችና ከዚያ በኋላ የመጡ በርካታ ጥናቶች ግን ማስተርስ ያለው መምህር ከሌለው ይልቅ የተማሪውን ውጤት ከፍ ስለማድረጉ ወጥ ማስረጃ አላገኙም። ጎልድሀበርና ብሩወር የተባሉ ተመራማሪዎች በሒሳብ ላይ የተለየ ነገር አይተዋል፤ በራሱ በሒሳብ የተገኘ ማስተርስ ይጠቅማል። ይህን በደስታ እቀበላለሁ። በጠቅላላ የትምህርት ዘርፍ በርቀት የሚወሰደው ማስተርስ ግን የሚሰጠን ተስፋ ያን ያህል የለም።

እንግሊዞች ራሳቸው ምን እንደሚያደርጉም እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ የአንድ ዓመት የመምህርነት ሥልጠና ቢያንስ 36 ሳምንት እንዲሆን፣ ከዚያም ቢያንስ 28ቱ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲያልፍ ደንግገዋል። ዩኒቨርሲቲዎቻቸው የታወቁ ናቸው፤ ቢሆንም መምህር ሲያወጡ አብዛኛውን ጊዜ ክፍል ውስጥ ያሳልፉታል።

ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋል። ድጓ የተማረ ሰው መምህር ነኝ ከማለቱ በፊት ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አባ ይወርዳል። እዚያ ያሉት መምህራን ሲያዜም ይሰሙታል፣ ያርሙታል፣ ካልበቃ ይመልሱታል። ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምረው ያ ምስክርነት ሲኖረው ነው። በዘመናዊውም በኩል ቢሆን ሀገራችን በ2003 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ስትጀምር መነሻ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነበር፤ የፊዚክስ ዲግሪ ያለው ሰው ክፍል ገብቶ የተግባር ልምምድ ሳያደርግ ፊዚክስ አስተማሪ አይሆንም። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ ቅሬታ ይነሣል፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር።

ስለዚህ ዲፕሎማ ሳነሣ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ከዘጠኝ ተጨማሪ ሀገሮች የመጡ መምህራን ያላቸውን ብቃት አቅርበው ኪውቲኤስን በቀጥታ እንዲጠይቁ ስትፈቅድ ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ኢትዮጵያ አልነበረችም። ከሀገር ቤት ዲፕሎማውን ይዞ የወጣ መምህር ሳያስተምር የኖረ ያህል ከመጀመሪያው እንዲነሣ መደረጉ ያሳዝናል። ቢሆንም ያ ሰው ወረቀቱን አይጣል። የተግባር ልምምዱ ስንት ሳምንት እንደነበር፣ በየትኛው ትምህርት ቤት፣ በየትኛው የክፍል ደረጃ እንዳስተማረ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው አስጽፎ ይያዝ። ፈቃድ ሰጪ ቢሮዎች ፋይል ሲያገላብጡ ከሚጠይቁት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የፊንላንድ መምህራን በሙሉ ማስተርስ አላቸው የሚለው በየስብሰባው ይነሣል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ከተደረገው ለውጥ ወዲህ የክፍል መምህሩም ጭምር ማስተርስ ይጠበቅበታል። ነገር ግን እዚያ ዩኒቨርሲቲዎቹ የራሳቸው መለማመጃ ትምህርት ቤቶች አሏቸው፤ ዕጩው በአምስት ዓመቱ ውስጥ በተደጋጋሚ እዚያ ገብቶ በሠለጠኑ መምህራን ዓይን ሥር ያስተምራል። ከፊንላንድ ማስተርስ ያንን ብናወጣው የሚቀረው በኦንላይን የሚሸጥልን ዓይነት ነው። ፊንላንድን የሚጠቅስ ሰው የኔን ሐሳብ እየደገፈ መሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከታላላቆቻችን ነው፤ «ጋሼ አሥራ አምስት ዓመት አስተምረዋል፣ ከዚህ በኋላ ማን መጥቶ ሊያያቸው ነው?» የሚለው። ይህን የሚሉ ሰዎች አክብሮትን ከመታየት ጋር ያጋጩታል። አሥራ አምስት ዓመት ያስተማረ ሰው ከሚታረም ጀማሪ ይልቅ ከምልከታ የበለጠ ይጠቀማል፤ ስለ ልጆች ያጠራቀመው ብዙ ነውና አንዲት አስተያየት አሥር ነገር ታስታውሰዋለች። ደግሞም ሀገር ሲቀየር ክፍሉ ይቀየራል። ሀገር ቤት መምህሩ ሲገባ ተማሪው ብድግ ይላል፤ ውጭ ሀገር የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ለምንድን ነው ይህን የምንማረው?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። ይህን እንደ ንቀት ቆጥረው ዓመቱን በሙሉ ከክፍሉ ጋር የተጣሉ የተከበሩ መምህራን አይቻለሁ። አጠገባቸው ሆኖ «ልጁ አልናቀዎትም፣ እዚህ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፤ እንዲህ ብለው ይመልሱለት» የሚል ሰው ቢኖራቸው ኖሮ ያ ዓመት ባልተበላሸ ነበር።

ደመወዝስ? ማስተርስ ደመወዝ የሚጨምርባቸው ቦታዎች አሉ፤ በአሜሪካ ብዙ የትምህርት ዲስትሪክቶች የደመወዝ ሠንጠረዥ ላይ ለብቻው ዓምድ አለው። ያንን ዓምድ የሚደርስበት ግን ፈቃድ ይዞ የተቀጠረው መምህር ነው። ርእሰ መምህር መሆን የሚፈልግ፣ ወይም ከማስተማር ወጥቶ ወደ ምርምርና ወደ ፖሊሲ የሚሄድ ሰው ማስተርሱን ቢመርጥ አልከራከረውም፤ መንገዱ ሌላ ነው። እኔ የምናገረው በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ኑሮውን በክፍል ውስጥ ለሚያየው ሰው ነው።

እስካሁን ያልኩት ማንኛውም ፒጂሲኢ ይበቃል ማለት እንዳይመስል እፈራለሁ። በርቀት ከሚሰጡት ውስጥ አንድም ሰው ክፍል ሳይገባ የሚያልቁ አሉ፤ ድርሰት ጽፎ መላክ ነው። እነሱን መምረጥ ያው ማስተርሱን በትንሽ ስም መግዛት ነው። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ የዩኒቨርሲቲው ዝና ወይም የክፍያው ማነስ አይሁን። በዓመት ስንት ጊዜ እታያለሁ? የሚያየኝ ማን ነው፣ የኔን ትምህርት ያስተምራል? ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ የማስተምርበት ጊዜ አለ? ሲያልቅ ፈቃድ ይሰጠኛል ወይስ ክሬዲት ብቻ? ያንን ፈቃድ እኔ የምሠራበት ሀገር ትምህርት ባለሥልጣን ይቀበለዋል? የመጨረሻውን መልስ ከኮሌጁ ወኪል አፍ ሳይሆን ከባለሥልጣኑ ራሱ በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል፤ በባሕረ ሰላጤው በርቀት የተገኘ ወረቀትን ለማጽደቅ የሚያንገራግሩ ቢሮዎች አሉ። ለኪውቲኤስ ደግሞ ከዲግሪው በተጨማሪ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛና ሒሳብ ውጤት ይታያል፤ የሀገር ቤቱ ውጤት በአቻነት ካልተያዘ የአቻነት ፈተና መቀመጥ ይኖራል። ይህን ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ መስማት በጣም ይመራል።

ጊዜ የለኝም ለሚለው ወገኔ የምመልሰው አለኝ። ክፍል ውስጥ የሚታይ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ቀድሞውኑ የሚሠራበትን ሰዓት ነው፤ የሚያስተምረው ያንኑ ክፍል፣ የሚያዘጋጀውም ያንኑ ትምህርት ነው። የማስተርሱ ድርሰት ግን የሚጻፈው ከልጆቹና ከእንቅልፉ በተሰረቀ ሰዓት ነው። ትዳርና ሥራ ላለው፣ በተለይም ቤት ገብታ ሁለተኛ ሥራ ለምትጀምር እናት፣ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ቦታ ነው፤ ትምህርት ቤቱ መስማማት አለበት። የሚያይ ሰው መመደብ፣ ለዚያ ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት ከማስተማር ነጻ ማድረግ፣ መምህሩን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለጥቂት ሳምንታት መላክ ሁሉ ወጪ ነው። በውጭ ሀገር ያሉ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች ይህን ቢጀምሩ ከማንኛውም ስጦታ የበለጠ ለመምህሮቻቸው ይሰጣሉ። በግል ትምህርት ቤት ያለ መምህር ደግሞ ጥያቄውን ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ያቅርብ፤ የሚቀጥለው ዓመት የማስተማሪያ ሰዓት ሠሌዳ ከመዘጋጀቱ በፊት፣ ኮንትራቱ ሲታደስ፣ ከደመወዙ ጥያቄ ጎን። ትምህርት ቤቱ የማስተርሱን ክፍያ ግማሽ ልቻልልህ ብሎ ቢመልስ፣ ያንኑ ገንዘብ ክፍሉ ለሚገባው ሰው ሰዓት እንዲያደርገው ይጠይቅ።